በቆሎው መጣ፣ አመዱ ቀረ

ሰሞኑን ቲክቶክ ላይ ተመሳሳይ ቪዲዮ እየተደጋገመ ይመጣብኛል። አትላንታ ወይ ዳላስ የሚኖር የአገራችን ልጅ ቁርስ ቤት ይገባል። ነጭ፣ ወፈር ያለ፣ መሀሉ ላይ ቅቤ የቀለጠበት ነገር በሳህን ይቀርብለታል። ስልኩን ያስጠጋና «ኧረ ጉድ ነው፣ ፈረንጅም ገንፎ ይበላል!» ይላል። ከሥሩ የሚጻፈው አስተያየት ደግሞ ከቪዲዮው በላይ ያዝናናል። አንዱ «ገንፎ ሳይሆን ቂንጬ ነው» ብሎ ያርማል። ሌላዋ «በርበሬው የታለ?» ትላለች። አንድ ሰው ግን መቼም አይጠፋም፤ «አሜሪካ የሄድከው በዶላር በቆሎ ልትበላ ነው እንዴ?» የሚል።

እኔ ዛሬ የምጽፈው ለዚህ ለመጨረሻው ልጅ ነው። ሌሎቹ እየቀለዱ ነው፤ እሱ ግን የምሩን ነው። በቆሎ ማለት ለእሱ ጤፍ የተወደደበት ሰው ምግብ ነው። አሜሪካ ደግሞ ከእንደዚህ ዓይነት ምግብ የሚገላገሉበት አገር። እንዲህ የሚያስቡ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ጥፋቱም የእነሱ ብቻ አይደለም። እኔ ግን አልስማማም። ያ ሳህን ውስጥ ያለው ነገር ከኋላው ከ3 ሺህ ዓመት በላይ የቆየ ዕውቀት አለው። ዕውቀቱ በተጣለበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ሰው ሞቷል። ያውም ብዙ ሰው።

መጀመሪያ ግን ምግቡን እንተዋወቀው። ስሙ ግሪትስ ይባላል። ደረቅ በቆሎ ተሸርክቶ፣ በውኃና በጨው ቀስ እያለ ተማስሎ የሚሠራ ነው። «ቂንጬ ነው» ያለው ልጅ ለእውነቱ ቀርቧል። ገንፎ ከላመ ዱቄት ነው የሚገነፋው፤ ግሪትስ ግን ጥርስ ሥር ፍሬ ፍሬ ይላል። ቂንጬን በስንዴ ፋንታ በበቆሎ ሽርክት አስቡት፣ ውኃውን ጨመር አድርጉበት፣ በቃ ደረሳችሁ። ሆሚኒ የሚባለው ደግሞ ታላቅ ወንድሙ ነው። ሲያዩት የበቆሎ ንፍሮ ይመስላል። ልዩነቱ ፍሬው ቆዳው ተገፎ፣ ከንፍሯችን በጣም በልጦ አብጦ፣ እንደ አበባ ፈንድቶ መቅረቡ ነው። ያንን ያደረገው አመድ ነው። አዎ፣ የምድጃ አመድ። እሱን ቆየት ብዬ እመጣበታለሁ።

ጆርጂያ ውስጥ ክላርክስተን በምትባለውና ከመላው ዓለም የመጡ ስደተኞች በሰፈሩባት ከተማ ሦስት ዓመት ኖሬአለሁ። ሐበሻው ብዙ ነው፤ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ቡና፣ ምንም አይቸግርም። ከዚያ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ሲነዳ አቮንዴል እስቴትስ የምትባል ከተማ ትገኛለች። ዋፍል ሐውስ የተባለው ሌሊትም ቀንም የማይዘጋ ቁርስ ቤት እ.ኤ.አ. በ1955 የመጀመሪያውን በሩን የከፈተው እዚያች ከተማ ውስጥ ነው። ዛሬ በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች አውራ ጎዳና ላይ ቢጫ ምልክቱን ሳያዩ ብዙ መንዳት አይቻልም። የሌሊት ሺፍት የጨረሰች ነርስ፣ ጭነት መኪና ሾፌር፣ ከጭፈራ ቤት የወጡ ልጆች፣ ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ሽማግሌ፣ ሁሉም አንድ ረጅም ባንኮኒ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሁሉም ፊት ያ ነጭ ነገር አለ።

ጣዕሙን ለማስረዳት ይቸግራል፤ ጥሩ ግሪትስ መጀመሪያ ላይ ምንም አይልማ። ምላስ ላይ ለስለስ ብሎ ያርፋል፣ ጨው ይመጣል፣ ቅቤ ይመጣል። ከዚያ ሦስተኛው ማንኪያ ላይ፣ እናንተ ስለሌላ ነገር እያሰባችሁ፣ ከኋላ የበቆሎው ሽታ ይነሳል። ክረምት ላይ እሸት በቆሎ ሲቀቀል ክዳኑ የተከፈተ ዕለት የሚሸተውን ሽታ ታውቁታላችሁ አይደል? እሱ ነው። ከጎኑ አስኳሉ ያልጠነከረ እንቁላል ካለ አስኳሉን ቀድዶ ማደባለቅ ነው። (አንድ ምክር፦ በደቡብ ምግብ ቤቶች የአሳማ ስብ የማይገባበት ድስት ጥቂት ነው፤ የማትበሉ ከሆነ ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ። አይቀየሙም።)

እዚያ አገር ቤተሰብ ከሚያጣላ ጉዳይ አንዱ ግሪትስ በጨው ነው ወይስ በስኳር የሚበላው የሚለው ነው። ቀልድ አይደለም፤ ሰው የምሩን ይጮህበታል። እኔ የጨው ወገን ነኝ። ስኳር የገባበት ግሪትስ የሕፃን ምግብ ይሆናል፤ የበቆሎው የራሱ ጣፋጭነት ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው፣ ስኳሩ ቀድሞ ይቆርጠዋል። ለስኳሮቹም ቢሆን ክብር አለኝ፤ ቢያንስ ትክክለኛውን ግሪትስ ሠርተው ከሆነ ነው ስኳር ያደረጉበት።

የማላከብረው ፈጣኑን ነው። በትንንሽ ፓኬት ይሸጣል፣ ፋብሪካ ውስጥ ቀድሞ በስሎ የደረቀ ነው፣ የፈላ ውኃ ሲፈስበት በአንድ ደቂቃ ይደርሳል። ጣዕሙ የረጠበ ካርቶን ነው። በዚህ እኔ ብቻ አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣውን «ማይ ከዝን ቪኒ» የተባለ ኮሜዲ ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። አላባማ ውስጥ በሚካሄድ የግድያ ችሎት አንድ ምስክር ወንጀለኞቹ ሱቅ ገብተው የወጡት ቁርሱን ሠርቶ ባጠናቀቀበት 5 ደቂቃ ውስጥ ነው ይላል። ከኒውዮርክ የመጣው ጠበቃ ቁርሱ ምን እንደነበር ይጠይቀዋል። ግሪትስ ነው። ፈጣኑ ነው ወይ? ኸረ በጭራሽ። ታዲያ አገር ሁሉ በ20 ደቂቃ የሚያበስለውን ግሪትስ አንተ በ5 ደቂቃ እንዴት አበሰልከው? ምስክርነቱ እዚያው ፈረሰ። ፊልሙን ካላያችሁ ፈልጋችሁ እዩት። እንዲያውም 20 ደቂቃ ራሱ ጥድፊያ ነው፤ በድንጋይ ወፍጮ የተፈጨ ጥሩ በቆሎ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል።

አሁን ወደ አመዱ። በቆሎ የሜክሲኮ ልጅ ነው። ከ9 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የደቡብ ምዕራብ ሜክሲኮ ገበሬዎች ተኦሲንቴ ከሚባል የሣር ዓይነት እየመረጡ እየመረጡ አወጡት። ቀጥሎ የሠሩት ግን እኔን ከዚህም በላይ ይገርመኛል። ደረቁን በቆሎ አመድ ወይም ኖራ በገባበት ውኃ ቀቅለው፣ እዚያው አሳድረው፣ በማግስቱ ሲያጥቡት ቆዳው በእጅ ይለቃል። ፍሬው ያብጣል፣ ሽታው ይለወጣል፣ ሲፈጭ ደግሞ የሚያያዝ ሊጥ ይወጣዋል። ደረቅ የበቆሎ ዱቄት በውኃ ብቻ አቡክቶ ቂጣ የጋገረ ሰው ጠርዙ እንዴት እንደሚፈራርስ ያውቃል። የሜክሲኮ ቶርቲያ የማይሰነጠቀው በዚህ ምክንያት ነው። ሥራውን ኒክስታማል ይሉታል፤ ቃሉ ከአዝቴኮች ቋንቋ ከናዋትል የመጣ ሲሆን የመጀመሪያው ግማሹ «አመድ» ማለት ነው። ስሙ ውስጥ ሳይቀር አመድ አለ!

እነዚያ ሴቶች ላቦራቶሪ አልነበራቸውም። የሠሩት ነገር ግን ኬሚስትሪ ነው። በቆሎ ውስጥ ናያሲን የሚባል ቫይታሚን (ቢ3) አለ፤ ግን ከሌላ ነገር ጋር ተቆላልፎ ስለሚቀመጥ ሆዳችን ሊያወጣው አይችልም። የአመዱ ውኃ ቁልፉን ይከፍተዋል። ኖራ ከሆነ ደግሞ ካልሲየም ይጨምርበታል። ከጎኑ ባቄላና ዱባ ሲቀመጥ ሙሉ ማዕድ ሆነ ማለት ነው።

ዕውቀቱ ከበቆሎው ጋር ወደ ሰሜን ተጓዘ። ዛሬ ጆርጂያና አላባማ በሚባለው ምድር ይኖሩ የነበሩት የመስኮጊ ሕዝቦች የተከካ በቆሎ በአመድ ውኃ ቀቅለው ሶፍኪ የሚባል ቀጠን ያለ ምግብ ይሠሩ ነበር፤ አንዳንዶቹ ትንሽ እንዲሆመጥጥ ያሳድሩታል። ለእንግዳ የሚቀርብ ምግብ ነበር። «ሆሚኒ» የሚለው ቃልም ከቨርጂኒያ ነባር ሕዝቦች ከፓውሃታኖች ቋንቋ የተወሰደ ነው። እንግሊዞቹ ሲመጡ ምግቡንም ስሙንም ከእነሱ ተቀበሉ። ቀጥሎ መሬቱንም። በ1830ዎቹ መስኮጊዎቹ ከነልጆቻቸው ተነቅለው ወደ ኦክላሆማ ተጋዙ፤ በመንገድ ብዙዎች አለቁ። የተረፉት ሶፍኪያቸውን ኦክላሆማ ላይ ዛሬም ይሠራሉ። የጆርጂያ ግዛት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 ግሪትስን በሕግ ኦፊሴላዊ ምግቡ አድርጎ ሰየመ። እኔ ይህንን ሳነብ ምግቡን አልጠላሁትም። ግን «የደቡብ ነጮች ምግብ» ሲባል ዝም ብዬ አላልፍም።

በድስቱ አጠገብ ለረጅም ዘመን የቆሙት ደግሞ አፍሪካውያን ናቸው። በባርነት ዘመን በእርሻዎቹ ላይ ለአንድ ሰው የሚሰፈረው የሳምንት ቀለብ በአብዛኛው የበቆሎ ዱቄትና ጥቂት የጨው ሥጋ ነበር። ከዚያ ነው በሳውዝ ካሮላይና የባሕር ዳርቻ ላይ ከወንዝ የተያዘ ሽሪምፕ በግሪትስ ላይ ተደርጎ መበላት የተለመደው። የቁርስ ምግብ ነበር፣ የዓሣ አጥማጅ ምግብ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቢል ኒል የተባለ ሼፍ ኖርዝ ካሮላይና በሚገኘው ምግብ ቤቱ አሳምሮ አቀረበው፤ በ1985 ኒውዮርክ ታይምስ ጻፈለት። ዛሬ ነጭ ጨርቅ በተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ ነው የምታገኙት፤ ሒሳቡ ሲመጣ ደግሞ «በዶላር በቆሎ» የሚለው ቀልድ ቀልድነቱ ይቀራል። በ1998 ደግሞ ግሌን ሮበርትስ የሚባል ሰው ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ አንሰን ሚልስ የተባለ ወፍጮ ከፍቶ ሊጠፉ የተቃረቡ የበቆሎ ዝርያዎችን እየፈለገ መዝራትና መፍጨት ጀመረ። እንደ እኔ አስተያየት ለግሪትስ ከታዋቂ ሼፎች ሁሉ በላይ የሠራው እሱ ነው። ወጡ ሳይሆን እህሉ ላይ ነዋ የሠራው።

በዚያው ግዛት ሴንት ጆርጅ የምትባል ትንሽ ከተማ ደግሞ በየዓመቱ የግሪትስ ፌስቲቫል አላት። ሰዎች ግሪትስ በሞላበት ገንዳ ውስጥ ይንከባለላሉ፤ ገላው ላይ ብዙ ያስቀረ ያሸንፋል። እህል ላይ መንከባለል ለእኛ የሚዋጥ ነገር አይደለም፤ እናቴ ብታይ ታማትብ ነበር። ይሁን፣ አገሩ የእነሱ ነው።

ሰው የሞተበትን ነገር እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር።

ኮሎምበስና ተከታዮቹ በቆሎውን ወደ አውሮፓ ሲወስዱ ዘሩን ወሰዱ። አመዱን አልወሰዱም። አንድም ሰው «እናንተ ሰዎች ይሄን ነገር ለምንድን ነው በአመድ የምትቀቅሉት?» ብሎ የጠየቀ አይመስልም፤ የኋላ ቀር ሕዝብ ልማድ ነው ብለው ተዉት። በቆሎ ብዙ ይሰጣል፣ ርካሽ ነው፣ ስለዚህ ወዲያው የድሃው ብቸኛ ምግብ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1735 ጋስፓር ካሳል የተባለ ስፔናዊ ሐኪም በአስቱሪያስ ገበሬዎች ላይ አዲስ በሽታ አየ። ፀሐይ የሚያገኘው ቆዳቸው ይቆስላል፤ አንገታቸው ዙሪያ እንደ ሐብል ምልክት ይወጣል። ሆዳቸው አይይዝም፣ ኋላ ላይ አእምሯቸው ይቃወሳል፣ ከዚያ ይሞታሉ። ሰሜን ጣሊያን ውስጥ ደግሞ ሌት ተቀን ፖለንታ የሚበሉ ገበሬዎች በብዛት ታመሙ። «ፔላግራ» የሚለውን ስም ያወጡት ጣሊያኖች ናቸው፣ ሻካራ ቆዳ ለማለት።

በሽታው አሜሪካ ደቡብ ሲገባ ወቅቱ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነበር። የሚገርመው ነገር እዚያ ምድር ላይ የአመዱ ዕውቀት ነበረ እኮ! ሰዎቹ ግን ወደ ጥጥ ፋብሪካ ሄደዋል፣ ወይም ጥጥ ብቻ በሚዘራበት የሰው መሬት ላይ ጭሰኛ ናቸው፤ ጓሮ የላቸውም፣ ላም የላቸውም። የሚበሉት ከሱቅ በዱቤ የመጣ፣ በትልልቅ ወፍጮዎች እንብርቱ ወጥቶ የተፈጨ የበቆሎ ዱቄት፣ ጮማና ሞላሰስ ነበር። ከ1906 እስከ 1940 ባሉት ዓመታት 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 100 ሺህ ያህሉ እንደሞተ ይገመታል።

ሐኪሞቹ ተላላፊ ነው አሉ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1914 ጆሴፍ ጎልድበርገር የተባለ ሐኪም ላከ። በልጅነቱ ከአውስትሮ ሃንጋሪ የተሰደደ፣ ኒውዮርክ ያደገ ሰው ነው። የአእምሮ ሕሙማን ማቆያዎችንና የሙት ልጆች ማሳደጊያዎችን እየዞረ ሲያይ አንድ ነገር ታዘበ፤ ታካሚዎቹ ይታመማሉ፣ ሠራተኞቹ ግን አይታመሙም። ተላላፊ ከሆነ እንዴት? ልዩነቱ ሳህናቸው ላይ ነበር። ማንም ስላላመነው እ.ኤ.አ. በ1916 የሕሙማኑን ደም ራሱንም ሚስቱንም አስወጋ። ከቁስላቸው የተፋቀውን ቅርፊትና ከሰውነታቸው የሚወጣውን ሁሉ ከዱቄት ጋር ለውሶ ዋጠ። (አዎ፣ የምታስቡትን ነገር ነው። ቁርስ ላይ ከሆናችሁ ይቅርታ።) አንዳቸውም ፔላግራ አልያዛቸውም። እንዲያም ሆኖ ብዙ የደቡብ ፖለቲከኞች ተቆጡ፤ በ1921 ፕሬዚዳንት ሃርዲንግ ክልሉ ውስጥ ረሃብ እንዳለ ሲናገር «ስማችንን አጠፋ» ብለው ጮኹ። የተራበ ሰው ከመኖሩ ይልቅ ተራቡ መባሉ የሚያሳፍራቸው ሹማምንት በሁሉም አገር አሉ። ጎልድበርገር በ1929 ሞተ። ቫይታሚኑ ናያሲን መሆኑን ኮንራድ ኤልቬየም ዊስኮንሲን ውስጥ ያረጋገጠው በ1937 ነው። ከዚያ በኋላ ዱቄቱ ላይ ቫይታሚን መጨመር ተጀመረ፤ ዛሬ ከሱቅ የምትገዙት ተራ ግሪትስ አብዛኛው በአመድ ባያልፍም በዚህ የተነሳ አያሳምማችሁም።

የድሮ ታሪክ ነው እንዳትሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1990 ማላዊ ውስጥ በተጠለሉ የሞዛምቢክ ስደተኞች መካከል ከ18 ሺህ በላይ ሰው በፔላግራ ታሟል። የሚሰፈርላቸው በቆሎ ነበር፤ ከጎኑ ይሰጥ የነበረው ለውዝ ሲቋረጥ በሽታው መጣ። ይሄ ሲሆን ብዙዎቻችሁ አልተወለዳችሁም፣ ወላጆቻችሁ ግን ትምህርት ቤት ነበሩ።

ወደ ቤታችን ስንመጣ፣ በቆሎ ኢትዮጵያ የገባው በ16ኛው ወይም በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆነ ይታመናል። «የባሕር ማሽላ» የሚለው ስሙ መጤነቱን ይመሰክራል። እኛም ጋ ዘሩ መጣ፣ አመዱ ባሕር ማዶ ቀረ። አመድ እኛ ቤት የጠቆረ ድስት መፈተጊያ ነው፣ እህል ከነቀዝ መጠበቂያ ነው፤ በቆሎ መቀቀያ ሲሆን አላየሁም። ያዳነን ሌላ ነገር ይመስለኛል፦ ሽሮው። በቆሎን ከአተር፣ ከባቄላ፣ ከጎመን ጋር መብላታችን። ደቡብ ላይ ኩርኩፋ የሚሠሩ እናቶች የበቆሎውን ወይም የማሽላውን ሊጥ ድብልብል አድርገው ከሽፈራው ቅጠል ጋር ሲቀቅሉት ማንም የሥነ ምግብ ባለሙያ ሊያርማቸው አይችልም። የእኛ ችግር ሽሮውና ጎመኑ ሲጠፋ፣ በቆሎው ብቻውን ሲቀር ነው። እንዲህ ያለ ጊዜ ደግሞ እንደማይመጣ ዋስ የሚሆን የለም።

ዛሬ አገሪቱ ውስጥ በኩንታል ሲቆጠር ከጤፍም ከስንዴም በላይ የሚመረተው በቆሎ ነው። ባኮ ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው ቢኤች 660 የተባለው ዝርያ ብቻ የስንቱን ገበሬ ጎተራ እንደሞላ ምዕራቡን ያረሰ ይንገራችሁ። እንጀራችን ውስጥ አለ፣ ጠላው ውስጥ አለ፣ ቡናው ሲፈላ ፈንዲሻ ሆኖ ይበተናል፣ ክረምት ሲመጣ መንገድ ዳር ከሰል ላይ ይጠበሳል። ግን ምግብ ቤት ገብታችሁ ሜኑ ላይ ፈልጉት። የለም! እንጀራው ውስጥ በቆሎ ከተደባለቀ ባለቤቱ ይደብቃል እንጂ አይናገርም። ሃያ ዘጠኝ ዓይነት በርገር ያለው ካፌ አንድ ሳህን የበቆሎ ቂንጬ የለውም። ይህ ያናድደኛል። ምርምሩ ምርቱን አብዝቷል፣ ጥሩ፤ ስለ ድስቱ ግን ማን አሰበ? ዘር ሲያድሉ ስለ ማዳበሪያው የሚያስተምሩ ሰዎች ስለ አቀቃቀሉም ቢያስተምሩ ምን ነበረበት? አንድ ኖራ ያለበት ድስት እኮ ነው።

እስከዚያው ግን ራሳችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ግሪትሱ ቀላል ነው። ነጭ በቆሎ ይዛችሁ ሰፈር ወፍጮ ቤት ሂዱና «እንደ ቂንጬ ሸርክቱልኝ» በሉ። ቤት ስትደርሱ በወንፊት ነፍታችሁ ዱቄቱን ለሌላ ነገር አስቀምጡ። ሽርክቱን ውኃ ውስጥ ስትጨምሩ የሚንሳፈፈውን ገለባ ጨልፋችሁ ጣሉ፤ ብትችሉ እዚያው ይደር። ለአንድ ብርጭቆ ሽርክት አራት ብርጭቆ ውኃ፣ ጨው፣ ከዚያ ዝቅ ያለ እሳት። ማማሰያውን አትልቀቁ፤ እንደ ሽሮ እየፈነጠቀ እጅ ያቃጥላል። አርባ አምስት ደቂቃ፣ አንዳንዴ ከዚያም በላይ። ሲወፍር ውኃ ጠብ አድርጉበት። ለፍስክ ቅቤ፣ ለጾም ዘይት። ንጥር ቅቤና በርበሬ ማድረግ ይቻላል፣ ይጣፍጣልም፤ ግን የመጀመሪያውን ማንኪያ እባካችሁ በጨው ብቻ ቅመሱት፣ የበቆሎውን ሽታ እንዳያልፋችሁ። ከጎኑ ሽሮ ፍትፍት ሳይሆን ሽሮውን እንዳለ አድርጉ። ያልተጠበቀ ጥምረት ነው፣ እኔ ቤት ግን ከእንቁላሉ በልጧል።

ሆሚኒው ጥንቃቄ ይፈልጋል። የምግብ ኖራ መሆን አለበት፤ ለግንባታ የሚሸጠውን ኖራ እንዳትነኩ። ውጭ ያላችሁ የሜክሲኮ ሱቅ ገብታችሁ «ካል» ብትሉ ይሰጧችኋል። ለ1 ኪሎ ደረቅ በቆሎ 10 ግራም ኖራ፣ 3 ሊትር ውኃ። ድስቱ አሉሚኒየም አይሁን፣ ኖራው ይበላዋል፤ የማይዝገውን ተጠቀሙ። 45 ደቂቃ ያህል ይንተክተክ፣ እሳቱን አጥፉና ይደር። ጠዋት በብዙ ውኃ እያሻችሁ እጠቡት፤ ቢጫ ሆኖ የሚለቀው ቆዳው ነው። ከዚያ በንጹሕ ውኃ ፍሬው እስኪፈነዳ፣ ሁለት ሦስት ሰዓት። ሜክሲኮዎች በዶሮና በሚጥሚጣ መሰል በርበሬ ሾርባ አድርገው ፖዞሌ ይሉታል፤ ከላይ ጥሬ ጎመንና ሎሚ። ጊዜ የሌላችሁ፣ በቆርቆሮ የታሸገም ይሸጣል፤ እንደ ፈጣኑ ግሪትስ አልንቀውም።

ግሪትስ ከተረፋችሁ አትድፉት። ሳህን ላይ ደልድላችሁ አሳድሩት፣ ጠዋት እንደ ዳቦ ይቆረጣል። ዘይት ባለበት መጥበሻ ላይ ሁለቱንም ወገን ቀይ እስኪሆን ጥበሱት። ቤት ውስጥ ልጅ ካለ ለእናንተ የሚደርሳችሁ አይመስለኝም።